«ሚስቴ ተመርምራለች» ያለው ነጋዴ፦ ከጅማ አንድ የኤች አይ ቪ ምርመራ ጉዳይ

## ለምን ተጻፈ

የምሠራው ጅማ ውስጥ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የኤች አይ ቪ ምክርና ምርመራ ክፍል ነው። ወንዶችን «ተመርምረህ ታውቃለህ?» ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፦ «ሚስቴ ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ተመርምራለች፣ ነጻ ናት።» እኔ የጠየቅኩት ስለ እሱ ደም ነው፣ የሚነግረኝ ስለ እሷ ደም። እንዲህ ያለኝ ሰው ሁሉ ቫይረሱ አለበት እያልኩ አይደለም፣ አብዛኞቹ የለባቸውም። መልሱ ግን ስለ ሰውየው ምንም አይናገርም። ይህን ለማሳየት ከዚህ ጉዳይ የተሻለ አላገኘሁም።

ባልና ሚስቱ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስም የለም። ሰፈራቸውን ትቻለሁ፣ ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ትናንሽ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ጅማን ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ፍንጭ ካገኙ እስከ ማታ ስም የሚያወጡ አይጠፉም። የሕክምናው አካሄድ ግን እንደሆነው ነው የተቀመጠው።

## ዳራ

ባል በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ቡና ነጋዴ ነው። በአጋሮና በሊሙ በኩል እየዞረ ይገዛል፣ ቡና በሚለቀምባቸው ወራት ቤቱ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። ሚስት በዕድሜ በደንብ ታንሰዋለች፣ ትንሽ ሱቅ አላት። ከተጋቡ 6 ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው፣ ቤት ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ያወራሉ። ከኒካህ በፊት «እስቲ ተመርመሩ» ያላቸው ሰው አልነበረም፣ እነሱም አላሰቡትም።

የመጀመሪያ ልጃቸው 4 ዓመቱ ነው። ሚስት በእሱ እርግዝና ጊዜ ተመርምራ ነጻ ተብላለች። በሁለተኛውም እርግዝና፣ ክትትል ስትጀምር ተመርምራ ያው ውጤት ነው። ሁለቱም ጊዜ «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ተብላ የጥሪ ወረቀት ተሰጥቷታል፣ ሁለቱም ጊዜ ወረቀቱ ቤት ደርሶ እዚያው ቀርቷል። ባል የእሷን ካርድ አይቶ የራሱንም ጉዳይ ዘጋው።

ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣው ሌላ ነገር ነው። በደረቱ በአንድ በኩል ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣበት፣ ከኋላ ጀምሮ እንደ መቀነት ወደ ፊት የዞረ፣ የሚያቃጥል። አልማዝ ባለጭራ። ብዙ ሰው ነፍሳት የነካው ይመስለዋል፣ እሱም እንደዚያ ተነግሮት መጀመሪያ ቅጠል ተቀባ፣ ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት ቅባት ገዛ። አልማዝ ባለጭራ የሚመጣው በልጅነት ጉድፍ ካስያዘን ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነሳል። በሸመገለ ሰው ላይ ሲወጣ ብዙም አያስገርምም። 40 ዓመት ባልሞላው፣ ሌላ በሽታ በሌለበት ሰው ላይ ሲወጣ ግን «ኤች አይ ቪ ተመርምሮ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ የባለሙያው ግዴታ ነው። ያየው ጤና መኮንን ጠየቀው። እሱ እንቢ አለ። «ከሲስተር ጋር ትንሽ አውራ» ተብሎ ወደ እኔ ተላከ።

## ችግሩ

ገና ከመቀመጡ ያችን መልስ ሰጠኝ። «ሚስቴ ተመርምራለች።» ቀጥሎም በቁም ነገር ጠየቀኝ፦ «ሲስተር፣ እኔ ላይ ቢኖር እሷ እንዴት ትተርፋለች? ስድስት ዓመት አብረን ስንተኛ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም አለው። ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው የሚያስበውን ያህል በእያንዳንዱ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ አይደለም። ቫይረሱ ካለበትና መድኃኒት ካልጀመረ ወንድ ወደ ሴት፣ ያለ ኮንዶም በሚደረግ የብልት ግንኙነት፣ በአማካይ ከ10,000 ግንኙነት 8 ገደማ ላይ ይተላለፋል ተብሎ ይገመታል። ይህ ቁጥር ለማንም ዋስትና አይሆንም፣ ምክንያቱም አማካይ ነው። ሰውየው ገና በተያዘባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እጅግ ስለሚበዛ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ከሁለት በአንዱ ላይ የአባላዘር ቁስል ካለ ይጨምራል። ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ከሆነችም ይጨምራል። አንዷ በመጀመሪያው ቀን ትያዛለች፣ ሌላዋ ለዓመታት ሳትያዝ ትኖራለች። ስለዚህ አንዱ አለበት አንዱ የለበትም የሚሉ ጥንዶች ተአምር አይደሉም፣ በየጤና ጣቢያው አሉ።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። አላመነም።

«እይኝ እስቲ፣ የታመመ ሰው እመስላለሁ?» አለኝ። አይመስልም፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። ልጅ ሳለ አንድ አጎቱ በዚህ በሽታ ሲሟሽሽ አይቷል፣ የሚያውቀው ኤች አይ ቪ የዚያን ዘመኑ ነው፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት የነበረው። ቫይረሱ ግን ምንም ሳያሳይ ለዓመታት፣ አንዳንዴ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲዲ ፎር የሚባሉትን የመከላከያ ነጭ የደም ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየጨረሰ ነው፣ ሰውየው ግን ይበላል፣ ይሠራል፣ ይወፍራል።

እውነተኛው ምክንያት የወጣው ሊሄድ ሲነሳ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የጎረቤታችን ልጅ ናት» አለኝ። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ መሸፈኛ ነበር ማለት ይቻላል። ለአልማዝ ባለጭራው መድኃኒትና ማስታገሻ ይዞ ሄደ።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

### ራስን መመርመሪያው

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ሰጠሁት፦ በአፍ የሚሠራ ራስን መመርመሪያ ኪት። ደም አይፈልግም። ጠፍጣፋውን ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ድድ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ማሸት፣ ከዚያ ፈሳሹ ውስጥ ማቆም፣ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ማንበብ። ከዚያ ቀድሞም ዘግይቶም ማንበብ ያሳስታል። ከምርመራው በፊት 15 ደቂቃ ምንም አለመብላት፣ አለመጠጣት። «ጫት አፍህ ውስጥ እያለ እንዳትሠራው» ያልኩት ለቀልድ አልነበረም። ስልክ ቁጥሬን የኪቱ ማሸጊያ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደወለ። መጋዘን ውስጥ ከቡና ጆንያዎቹ መሀል ብቻውን ሆኖ ሠርቶታል።

«ሲስተር፣ አንዱ መስመር ደማቅ ነው። ሁለተኛው ግን ደብዘዝ ብሏል፣ በስልክ መብራት ነው ያየሁት። ግማሽ ነው ማለት ነው?»

ግማሽ የሚባል ነገር የለም። ሲ የሚለው ፊደል ጋ የሚወጣው መስመር ኪቱ መሥራቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ቲ የሚለው ጋ ሁለተኛ መስመር ከወጣ፣ የቱንም ያህል ቢደበዝዝ፣ ምላሽ ሰጥቷል ማለት ነው፣ ቀጣይ ምርመራ ያስፈልጋል። ግን ደግሞ «አለብህ» ማለትም አይደለም፣ በዚህ ኪት ብቻ ማንም ሰው ቫይረሱ አለብህ አይባልም። ሁለቱንም ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገር ከባድ ነው፣ ነገርኩት።

### ማረጋገጫው

እኛ ጋ እንደማይመጣ ገብቶኝ ነበር። ከተማው ውስጥ ሌላ ተቋም መረጠ፣ እዚያ የምትሠራ ባልደረባዬ እንድትቀበለው ተነጋገርኩ። ጣቱ ተወግቶ ደሙ በሦስት የተለያዩ መመርመሪያዎች በተከታታይ ታየ። ሦስቱም ምላሽ ሰጡ።

ለምን ሦስት ጊዜ? እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ቫይረሱ የተገኘባቸው 0.9 በመቶ ናቸው። እንበልና 1,000 ሰው ብንመረምር 9 ያህሉ ላይ ይኖራል። አንድ መመርመሪያ ከ100 ነጻ ሰዎች አንዱን ብቻ ቢሳሳት እንኳ፣ ከቀሩት 991 ሰዎች 10 ያህሉን በስህተት «አለብህ» ሊል ነው። ማለትም ምላሽ ከሰጡት ግማሽ የሚሆኑት ነጻ ሰዎች ይሆናሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው መመርመሪያ የሚያጣራው እሱን ነው። በአንድ መመርመሪያ ብቻ ውጤት ተነግሯቸው ሲያለቅሱ ከርመው ነጻ ሆነው የተገኙ ሰዎች አይቻለሁ፣ ስለዚህ «በስንት ኪት ታየ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሲዲ ፎሩ ዝቅ ብሎ ከ300 በታች ነበር፣ ከ200 ግን አልወረደም። ሳንባ ነቀርሳ ተፈልጎ አልተገኘም። መድኃኒቱን በዚያው ቀን መጀመር ይችል ነበር፣ እሱ ግን ጥቂት ቀን ይሰጠኝ አለ፣ ተሰጠው፣ ተመልሶ መጥቶ ጀመረ። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ክኒን ተጠቃልለው በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ናቸው።

«ከተሻለኝስ አላቆምም?» ብሎ ጠየቀ። ኤች አይ ቪ ሲዲ ፎር ሕዋስ ውስጥ ይገባና የራሱን የዘር መረጃ ወደ ዲ ኤን ኤ ገልብጦ ከሕዋሱ ዲ ኤን ኤ ጋር ይቀላቅላል። ሁለቱ መድኃኒቶች ግልበጣውን ያግዳሉ፣ ዶሉቴግራቪር ደግሞ መቀላቀሉን። አዲስ ቫይረስ መመረቱ ይቆማል። ቀድሞ የተቀላቀለባቸው ጥቂት ሕዋሳት ግን ለዓመታት ተኝተው ይቆያሉ፣ መድኃኒት እነሱን አያገኛቸውም። ክኒኑ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ ከእነሱ ተነስቶ ይመለሳል። ይህን ስጨርስ «እንደ ሰርዶ ነዋ፣ ላይ ላዩን ብታጭደው ሥሩ አለ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ማቆም ጠይቆኝ አያውቅም።

### ለሚስት መንገር

ከሁሉ የከበደው ይህ ነው፣ ጊዜም የማይሰጥ። ሚስት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሴት በእርግዝና ወይም በማጥባት ላይ እያለች አዲስ ከተያዘች፣ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ የሚበዛው ልክ በዚያ ሰዓት ስለሆነ ለሕፃኑ የሚተላለፍበት ዕድል ከፍተኛ ነው። እርግዝናው ሲጀመር የተሰጣትን «ነጻ» ውጤት ይዛ ደግሞ ማንም ሰው ሁለተኛ ላይመረምራት ይችላል።

እሱ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ ሁለቱም አዲስ ተመርማሪ መስለው ይምጡ፣ እኔ እንደማላውቅ ሆኜ ልመርምራቸው፣ ውጤቱን አብረው ይስሙ። እንዲህ የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ። እኔ አላደርገውም። ሚስት አንድ ቀን የክኒን ዕቃው ላይ ያለውን ቀን ታየዋለች፣ ያኔ የዋሻት ባሏ ብቻ አይሆንም፣ የጤና ባለሙያዋም ጭምር ነው፣ ሕፃኑን ይዛ ወደ ማን ልትመጣ ነው? ያቀረብኩለት ሌላ ነበር፦ ራሱ ይንገራት፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ እሆናለሁ፣ የሚቀጥለው የእርግዝና ቀጠሮዋ ሳያልፍ። እስከዚያ የአልማዝ ባለጭራው ሕመም ሰበብ ሆኖት ለየብቻ ነበር የሚተኙት።

ሁለት ሳምንት ያህል ወሰደበት። በመጨረሻ አብረው መጡ። «እኔ ላይ ተገኝቷል። አንቺ ላይ መኖሩ ገና አይታወቅም፣ ዛሬ ትመርመሪ» አላት፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችው እኔ ያልጠበቅኩትን ነው፦ «ክኒኑን የት ነበር የምታስቀምጠው?»

ለናሙና ቡና ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። እሷ በየቀኑ አቧራውን የምታብሰው ቆርቆሮ ነው። ቁጣዋ ያኔ መጣ። ከቫይረሱ ይልቅ ያ ሁለት ሳምንት ነው ዛሬም የሚያበግናት።

«ከየት አመጣኸው?» የሚለውም ሳይነሳ አልቀረም። ምርመራው መቼ እንደተያዘ አይናገርም። የሲዲ ፎሩ መጠን ቆይቷል ብሎ ለመገመት ያስችል ይሆናል፣ ቀን ግን አይቆጥርም። ከጋብቻ በፊት ሊሆን ይችላል፣ በኋላም ሊሆን ይችላል። ይህን ነግሬያቸው ወደ እሷ ምርመራ አለፍን፣ ጭቅጭቁን ከዚያ በላይ ክፍሉ ውስጥ እንዲቀጥል አልፈቀድኩም።

ነጻ ሆና ተገኘች። ግን የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነት ለቫይረሱ የሚያመርተውን ፀረ አካል ነው፣ እሱ እስኪታይ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በወሊድ ሰዓትና ከዚያም በማጥባት ጊዜ ደግመን እንድናያት ተቀጠረች። እስከዚያ ኮንዶም። በተጨማሪ ፕሬፕ፣ ማለትም ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ በየቀኑ የሚወስደው ክኒን። በአገራችን ከሚሰጣቸው መካከል እንዲህ ውጤታቸው የተለያየ ጥንዶች አሉ፣ ቴኖፎቪር ያለበት ፕሬፕ በእርግዝናም በማጥባትም ጊዜ መውሰድ ይቻላል። «እኔ ሳልታመም ለምን ክኒን እውጣለሁ?» አለች መጀመሪያ። ሁለት ቀን አስባበት ጀመረች።

ትልቁን ልጅ እንመርምረው ብለው ሁለቱም ተጨንቀው ነበር። አያስፈልግም። ቫይረሱ ወደ ልጅ የሚያልፈው በእናት በኩል ነው፣ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ወተት። እናትየው ነጻ ከሆነች አባት ልጁን በማቀፍ፣ በመሳም፣ በአንድ ትሪ አብሮ በመብላት አያስይዘውም። እንዲህ ስላቸው ሁለቱም ተነፈሱ።

ቀጥሎ ሚስት እናቷ ቤት ሄደች። ለመውለድ እናት ቤት መሄድ የተለመደ ስለሆነ ማንም አልጠየቀም። ትንሽ ርቀት ያስፈልጋት ነበር፣ ሰበቡም ዝግጁ ነበር።

### ክኒኑና ረመዳን

መድኃኒት በጀመረ በሁለተኛው ወር ረመዳን ገባ። ክኒኑ በ24 ሰዓት አንዴ ስለሚወሰድ ጾምን አያስፈታም። ከኢፍጣር በኋላ እንዲሆን ተስማማን። ሳምንት ሳይሞላ «እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ» ብሎ መጣ። ዶሉቴግራቪር አንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ ይነሳል፣ እውነት ነው። ከኢፍጣር በኋላ እስከ ሌሊት የሚቃመው ጫትም እንቅልፍ ይነሳል፣ ይሄን ግን ማንም ጅማ ውስጥ ጥፋተኛ አያደርገውም። ክኒኑን ወደ ሱሁር፣ ማለትም ከንጋት በፊት ወደሚበላበት ሰዓት፣ አዛወርነው። ተሻለው፣ ከጾሙም በኋላ በጠዋቱ ቀጠለ።

በዚያው አጋጣሚ ሌላ ነገር ወጣ፦ ጨጓራውን ሲያመው የሚጠጣው ፈሳሽ መድኃኒት። አልሙኒየምና ማግኒዚየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች ዶሉቴግራቪር ሆድ ውስጥ እንዳይሰርግ ይይዙታል። ክኒኑ ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ መወሰድ አለበት። ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም መድኃኒት ነው ብሎ አልቆጠረውም።

ሚስት ሆስፒታል ወለደች። በወሊድ ጊዜ ተመርምራ ነጻ፣ ሕፃኗም ደህና። እሱ መድኃኒት ከጀመረ በ6 ወሩ በተሠራለት የቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካ፣ ምርመራ ቫይረሱ በመሣሪያ ከሚታየው መጠን በታች ወርዶ ተገኘ።

## የሠራውና ያልሠራው

የጥሪ ወረቀቱ አልሠራም። በዚህ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ባጠቃላይ ደካማ ነው ብዬ አምናለሁ። ወረቀቱ በሴቷ እጅ ይሄዳል፣ ወንዱን የሚጠራው ነፍሰ ጡሮች ተሰልፈው ወደሚጠብቁበት አግዳሚ ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ ገበያ የሚደራበት ሰዓት ነው። ሐሙስ የገበያ ቀን ጠዋት የቡና ነጋዴ እርግዝና ክትትል ክፍል በር ላይ ተቀምጦ አይታየኝም።

የእኔ ማብራሪያ ከነአሃዙ አልሠራም። ኪቱ ሠራ፣ ምክንያቱም ማንም አላየውም። ስልክ ቁጥሩ ባይኖር ግን ኪቱም ብቻውን አይሠራም ነበር። ያን የደበዘዘ መስመር «ግማሽ» ብሎ ሊጥለው ነበር፣ ራሱ ነው ኋላ የነገረኝ። ኪት በብዛት ማደል ጥሩ ነው፣ የሚደወልለት ሰው ሳይኖር ግን ግማሽ ሥራ ነው።

ሌላ ተቋም እንዲመርጥ መተው ሠራ። መጀመሪያ በየወሩ መመላለሱ አስመርሮት ነበር፣ የቫይራል ሎዱ ውጤት ጥሩ ሲሆን የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰድ ስለቻለ ያ ችግር ቀለለ። ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ማኅበር ጋር እንዲገናኝ ሞከርን፣ አንዴም አልሄደም። ከብዙ ዓመት ጀምሮ መድኃኒት ከሚወስድና እዚያው ተቋም ከሚያግዝ አንድ ሰው ጋር ግን ለብቻው ቁጭ ብሎ አውርቷል፣ ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የሚሰማው።

ከውጭ የመጣም እንቅፋት ነበር። በቴሌግራም «በ40 ቀን ከደም ያጠፋል» የሚል ዱቄት የሚሸጥ ሰው አገኘ፣ ቀላል የማይባል ገንዘብ ከፈለ። ያዳነው ዱቄቱን ሲወስድ ክኒኑን አለማቆሙ ነው። ገንዘቡ ቀልጦ ቀረ።

## ሌላ ሰው የሚወስደው

የእርግዝና ክትትል ለእናትና ለሕፃን የተዘጋጀ አገልግሎት ነው፣ እኛ ግን የሴቷን ካርድ የቤተሰብ ካርድ አድርገነዋል። ባል ብቻ አይደለም፣ አንዳንድ ባለሙያም «ሚስትህ ነጻ ናት አይደል?» ብሎ ያልፋል። የእያንዳንዱን ሰው ውጤት ከራሱ ደም ነው መጠየቅ ያለብን። ሴቷም ብትሆን በመጀመሪያው ክትትል የተሰጣት ውጤት እስከ ወሊድ ይዘልቃል ማለት አይደለም፣ የባል ሁኔታ ካልታወቀ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ መመርመር ይገባታል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ራሳችሁ ጠይቁ፣ አያስቆጣም።

አልማዝ ባለጭራ፣ ደጋግሞ የሚመለስ ተቅማጥ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ሳንባ ነቀርሳ ሲመጣ ቅባትና ሽሮፕ ገዝቶ ከማለፍ በፊት ምርመራው ይቅደም። ይህ ሰው ሌላ ሁለት ሦስት ዓመት ቢቆይ የሚመጣው በአልማዝ ባለጭራ አይሆንም ነበር።

ራሳችሁን በኪት የምትመረምሩ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ ቀድሞ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በአፍ በሚሠራው ኪት ቢመረመር «ነጻ» ሊለው ይችላል፣ ዳነ ማለት አይደለም። ባለፉት ሦስት ቀናት ውስጥ ለቫይረሱ ተጋልጫለሁ የሚል ሰው ደግሞ ኪት ፍለጋ አይሂድ፣ ኪቱ ገና ምንም አያሳየውም። በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ቶሎ፣ ጤና ተቋም ከደረሰ እንዳይያዝ የሚያደርግ የ28 ቀን መድኃኒት አለ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ያናድደኛል።

ለባልደረቦቼ የምለው፦ «ለምን አትመረመርም?» ብላችሁ የሰማችሁት የመጀመሪያ መልስ ብዙ ጊዜ መልሱ አይደለም። ቆዩ፣ ሊነሳ ሲል ይናገራል። ከሥራ ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ለወንዶች ክፍት የሆነ አንድ ክፍል ቢኖረን ደግሞ ከአሥር ፖስተር ይበልጥ ይሠራል።

## አሁን ያሉበት

ሚስት ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ከእህቷ በስተቀር የሚያውቅ ዘመድ የለም፣ ይሄ የእነሱ ውሳኔ ነው። እሱ ቫይራል ሎዱ ከታየ ወዲህ ኮንዶሙም ፕሬፑም ይቁም የሚል ሐሳብ አለው። ከሕክምና አንጻር መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2019 ውጤታቸው የታተመው የፓርትነር ጥናቶች ቫይረሱ ከሚታይ መጠን በታች ከወረደለት ሰው ወደ ወሲብ ጓደኛው ኮንዶም ሳይጠቀሙም አንድም ጊዜ እንዳልተላለፈ አሳይተዋል፣ መድኃኒቱን በየቀኑ እስከወሰደና ምርመራውን እስከቀጠለ ድረስ።

እሷ ግን ፕሬፑን ለማቆም አልወሰነችም። «ውጤቴን አታምኚም ማለት ነው?» ይላታል። «ውጤትህን አምናለሁ። ክኒንህን በየቀኑ መዋጥህን ግን አላይም» ትለዋለች። ገና እያጠባች ስለሆነ እስከሚቀጥለው ቫይራል ሎዱ እንድትቀጥል ነግሬያታለሁ፣ ቀጠሮውም ለሁለቱም በአንድ ቀን ተይዟል።